ሶኬቱ አንድ ነበር

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ቀን ነው። ገና ቅርብ ስለሆነ ይሁን ወይም ጨርሶ ስላላለቀ አላውቅም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ውስጤን ይበላኛል። ለጓደኞቼ ባወራው “ይኼም ነገር ሆኖ ነው?” ይሉኛል ብዬ እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም። እናንተ ፍረዱኝ።

የምሠራው ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ ባለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እሑድ ለእኔ የአልጋ ቀን ነበረች። በቅርቡ ግን አንድ ጎረምሳ ሰፈራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ማከራየት ጀመረ። ብስክሌቶቹን ግድግዳ አስደግፎ ሲደረድራቸው እያየሁ ስመላለስ ሰነበትኩ። ልጅ ሳለሁ የወንድሜን ብስክሌት ሰርቄ እየነዳሁ ስንት ጊዜ ተገርፌያለሁ፤ ግን አምሮቱ አልወጣልኝም ነበር።

ሐሳቤ ጠዋት የዳሞት ተራራን ግርጌ ዞር ዞር ብዬ፣ ከዚያ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ወርጄ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ መንገድ መመለስ ነበር። አከራዩ ሐሳቤን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

“እህቴ፣ ቁልቁለቱ እንዳያታልልሽ” አለኝ። “ሲወርድ ባትሪ አይበላም። ሲወጣ ነው የሚጨርሰው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ተመለሺ።”

“እሺ” አልኩት። እሺ ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል።

ጠዋቱ ልዩ ነበር። ጉሙ ከዳሞት ላይ ገና አልተነሳም፤ ብስክሌቱ ድምፅ የለውም፤ ፔዳሉን ነካ ሳደርገው ዳገቱን ተሸክሞኝ ይወጣል። ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ ጸሎት ቤት ይጎርፋል፣ እኔ ሱሪዬን ለብሼ በተቃራኒው እከንፋለሁ። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው “አንቺ ልጅ፣ ጸሎት ቤቱ በዚህ ነው!” ብለው ጮኹብኝ። እየሳቅሁ ደወሌን ደውዬላቸው አለፍኩ።

ወደ ሁምቦ የሚወርደው መንገድ ላይማ ጭራሽ ዓለሜን አየሁ። ነፋሱ፣ በቆሎው፣ ከሩቅ የሚታየው የአባያ ቀይ ውኃ። ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ አይቼዋለሁ። ቀና ስል ሐይቁ ቅርብ መሰለኝና “ትንሽ ብቻ” አልኩ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ዳር ድረስ ወርጄ ፎቶ ተነሣሁ፣ እግሬን ውኃ ውስጥ ልከት ብዬ አዞ ትዝ ሲለኝ ተውኩት፣ ዘና ብዬ ዳቦዬን በላሁ።

የተመለስኩበት መንገድ ዳገት ብቻ ነው። ብዙም ሳልሄድ ብስክሌቱ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ብስክሌት ባትሪው ካለቀ እንደ እምቢተኛ ጊደር ነው፤ ክብደቱ ለጉድ ነው። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ ስገፋ ቆየሁና የመብራት ሽቦ የገባበት አንድ ቆርቆሮ ቤት መንገድ ዳር አየሁ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ደጃፉ ላይ አንዲት እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። “ሳሮ፣ አዬ” አልኳቸው፤ ሰላም ነው እናቴ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወሬያችን ሁሉ በወላይትኛ ነበር። ውኃ ሰጡኝ፣ ብስክሌቱን ጥላ ውስጥ አስገቡልኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ችግሬን ነገርኳቸውና ባትሪውን ነቅዬ ከነቻርጀሩ በእጄ ይዤ “ትንሽ ቻርጅ ላድርግ?” አልኳቸው።

ወደ ውስጥ ዘወር ብለው አዩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ተሰክቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

“መጀመሪያ አረፍ በይ። እህል ሳትቀምሺ ምን ያስቸኩልሻል?” አሉኝ።

በእኛ አገር እንግዳን አይሆንም አይሉትም። አይሆንም ለማለት ሲፈልጉ “ቆይ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሺ” ይላሉ። እናቴ ሰው የማትችለውን ነገር ሲለምናት ምግብ ስታቀርብ አይቻለሁ፤ ሰውየውም በልቶ፣ ያልተባለውን ሰምቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ይህን እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የእኚህ እናት “አረፍ በይ” ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው ግን ባትሪዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ቆየት ብለው ምክንያቱን ራሳቸው ነገሩኝ። ታሪኳ የምትባለው ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ስልክ የምትሰጣት እሑድ ከምሳ በኋላ ብቻ ነው። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል በፊት ከደወለች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። እናትየው ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጸሎት ቤቱ የከሰዓት ፕሮግራም ሲሄድ ስልኩን ሊጠብቁ ቀርተዋል።

“አንቺን ታክላለች” አሉኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩኝ። ከዚያ ተነሡና ዶማ ይዘው “ቦዬ ቆፍሬ ልምጣ። ስልኩ ከጠራ ጥሪኝ” ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ስልኩን አየሁት፣ ባትሪውን አየሁት። ብስክሌቱ ሳይመሽ መመለስ አለበት፤ ጠዋት ሥራ አለ። ስልኩ በርቷል፤ ቢነቀልም አጠገቤ እስካለ ድረስ ሲጠራ እሰማዋለሁ፣ ምን ችግር አለው? ብዬ ነቀልኩትና የኔን ሰካሁ። ቻርጀሩ ላይ ቀይ መብራት ቦግ ሲል ደስ አለኝ። ስልኩን በርጩማው ላይ መልሼ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የሐይቁን ፎቶዎች ማየት ጀመርኩ።

ቦዬ ሥራሥር ቢሆንም እንደ ካሮት ተመዞ አይወጣም፤ በጥልቀት ነው የሚቆፈረው። እናትየው ጓሮ ብዙ ቆዩ። እኔም ፎቶ ላይ ተመስጬ ቆየሁ። ቦዬውን ሲያጥቡ የውኃ ድምፅ ስሰማ ነው ድንገት ተነሥቼ ወደ ውስጥ የገባሁት።

የስልኩ መስኮት ጠቁሯል። ተጫንኩት። ምንም የለም። ገልበጥ ሳደርገው ባትሪው አብጦ ሽፋኑን ገፍቶታል፤ ለካ በላስቲክ ያሰሩት ለዚያ ነው። ያለ ሽቦ አንድ ደቂቃም የማይቆይ ስልክ ነበር። ነቅዬው ዞር ስል ነው ድርግም ያለው።

የኔን ነቅዬ ስልኩን ሰካሁት። ሲከፈት የሚያሰማውን ሙዚቃ እንዳይሰሙት በመዳፌ አፈንኩት። ባትሪዬን ከነቻርጀሩ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሌባ እንዲህ ነው የሚሆነው ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

እናትየው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ስልኩን ነው።

“ጠራ እንዴ?”

“አልጠራም።”

እንዳያችሁት አልዋሸሁም። የጠፋ ስልክ አይጠራም። በዚያች ሰዓት ይህን ለራሴ ስነግረው ትንሽ ቀለል አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? “ነቅዬው ነበር” ብላቸው ኖሮ ቢያንስ ያውቁ ነበር። “ታሪኬ ደውላ ይሆናል፣ ደግማ ትሞክራለች” ብለው በተስፋ ይጠብቁ ነበር። ግን አፈርኩ። የሰው ቤት ገብቼ፣ አደራ ተሰጥቶኝ፣ አደራውን በላሁ ማለት አቃተኝ።

ቦዬው በስሎ ቀረበ። በዳጣ እየጠቀሱ አጎረሱኝ። እሳቸው ራሳቸው አልበሉም፣ ዓይናቸው ከበርጩማው አልተነቀለም። ስልኩ ዝም እንዳለ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

“ዛሬም ረሳችኝ” አሉ በመጨረሻ። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው። ከዚያ ተነሥተው ስልኩን በገዛ እጃቸው ነቀሉና “ሰዓቷ አልፏል። በይ ልጄ፣ አሁን አንቺ ሰኪ፤ ሳይመሽብሽ ግቢ” አሉኝ።

ሶዶ የገባሁት እሳቸው በሰጡኝ መብራት ነው። ዳገቱን ስወጣ አንዴም ወደ ኋላ ዞሬ ሐይቁን አላየሁም። አከራዩ “እንዴት ነበር?” ሲለኝ “ጥሩ ነው” ብዬው ሄድኩ።

ረሳዋለሁ ብዬ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ውሸት ደግሞ እያደር ይከብዳል። መድኃኒት ቤት ቆሜ የአንዲት እናት ስልክ ሲጮህ ክው እላለሁ። ሳምንታት አለፉና አንድ እሑድ ስኳርና ሳሙና ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። ግን ልቤ ያመነታ ነበር፤ ታሪኳ ደውላ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ቢሆን ዝም ብዬ ስኳሩን ሰጥቼ መመለስ እችላለሁ ብዬም አስቤያለሁ። ይህንንም አልደብቃችሁም።

ሲያዩኝ እቅፍ አደረጉኝ። ብስክሌቱ የት አለ አሉኝ። ገና ሳልቀመጥ “ልጅቷ ደወለች?” አልኳቸው።

“ደወለች። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ” አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ፊታቸውን አየሁት። “ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር፣ ሦስቴ ሞከርኩ አለችኝ። አንቺ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ አልኳት። ስልኩ ሥር እኮ ጨዋ ልጅ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር፤ አልጠራም ብላኛለች። ረሳሁሽ በይኝ እንጂ ሰው አገር ሄደሽ ውሸት አትልመጂ አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።”

በልጃቸው ቃል ላይ የእኔን ቃል አመኑ። ዘጠኝ ወር በሆዳቸው የተሸከሟትን ልጃቸውን ትተው የአንድ ከሰዓት እንግዳቸውን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይህ ነው።

እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ስልኩን እኔ እንደነቀልኩት፣ ጠፍቶ እንደቆየ፣ እያወቅሁ አልጠራም እንዳልኳቸው። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩት አላስታውስም።

“ቦዬዬን እየበላሽ?” አሉኝ።

ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና “ደውላለች! ልጄ ደውላለች እኮ! አልረሳችኝም!” ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። “ታሪኬ አልዋሸችም። እኔ ውሸታም አልኳት። በሰው አገር፣ በዚያች በአንዲት ሰዓቷ ውሸታም አልኳት።”

መልሰው ሊደውሉላት አይችሉም። ስልኩ የማዳሟ ነው፤ ሌላ ሰዓት ከተደወለ ልጅቷን ችግር ላይ ይጥላታል ብለው ይፈራሉ። የቀራቸው መጠበቅ ብቻ ነው። ትንሽ ሲረጋጉ “ስትደውል በራስሽ አፍ ትነግሪያታለሽ። እኔ ብነግራት ልታባብለኝ ነው ትላለች” አሉኝ። እሺ አልኩ። ይህኛውን እሺ ከልቤ ነው ያልኩት።

ስለዚህ አሁን እሑድ እሑድ ከምሳ በፊት ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ። ሶዶ ስልክ ጠጋኝ ጋ ፈልጌ አዲስ ባትሪ አስገጥሜላቸዋለሁ፤ ለዚህ ሲመርቁኝ መግቢያ ነው የማጣው። ታሪኳን በፎቶ እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም። የምላትን ግን መንገድ ላይ እለማመደዋለሁ፦ እናትሽን አትቀየሚያቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደውለሽ ነበር። ስንቴ እንደለማመድኩት እንጃ።

ባለፈው እሑድም አልደወለችም። ሰዓቷ ካለፈ በኋላ ልሄድ ስነሣ እናትየው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “አይዞሽ” አሉኝ። አይዞዎት ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።