የመጥረጊያ ክፍሏ ባለሙያ

ልጆቹ «እትዬ ምላስ» ይሏታል። በሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረች፣ ንግግር የሚይዛቸውንና ፊደል የሚምታታባቸውን ልጆች የምታግዝ ባለሙያ ናት። በትልቁ ትምህርት ቤት የተሰጣት ክፍል መጥረጊያና ባልዲ የሚታጎርበት ዕቃ ቤት ነበር። ሌላ ክፍል ስጡኝ ብላ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናች። ርዕሰ መምህሩ ግን፣ «አንቺ ምን ቸገረሽ? ሥራሽ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ የትም ይወራል!» እያለ ይስቅባታል።

እዚያው በረኪና እየሸተታት፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ «ረ»ን «ለ» የምትል የስምንት ዓመት ልጅ ታስተምር ጀመር። ልጅቷ ጓደኞቿ ስለሚስቁባት ክፍል ውስጥ አፏን ለጉማ ነበር የምትውለው። ሰባት ወር መስታወት ፊት ምላሷን ሽቅብ ስታነሳ ከርማ፣ አንድ ቀን «በረረ!» አለች። እትዬ ምላስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ይህን የሰማው ርዕሰ መምህር በአንድ ጀንበር የንግግር ትምህርት አባት ሆኖ ቁጭ አለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ ልጅቷን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ «ይህ የአመራሬ ፍሬ ነው!» ብሎ አስጨበጨበ።

አንዷ እንግዳ ጎንበስ ብላ፣ «የኔ ቆንጆ፣ የት ነው የምትማሪው?» አለቻት።

«መጥረጊያ ክፍል!» አለች ልጅቷ፣ «ረ»ዋን እንደ ሞተር እያንደቀደቀች።

ርዕሰ መምህሩን ሳል ያዘው።

በሳምንቱ መፍትሔ ተገኘ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ «የንግግርና የቋንቋ ድጋፍ ማዕከል» የሚል የሚያብረቀርቅ ታፔላ ተሰቀለ። መጥረጊያዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። እትዬ ምላስ ታፔላውን አንብባ ስታበቃ መጥረጊያዎቹን ታቅፋ፣ ባልዲዎቹን እየጎተተች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባችና ሶፋው ላይ ደረደረቻቸው።

«ምን ማድረግሽ ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ማዕከል ውስጥ ዕቃ አይቀመጥም፤ ታፔላውን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት» ብላው ወጣች።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገባላት፤ ለዕቃዎቹም ከደረጃው ሥር፣ ድሮም ባዶውን የኖረ ቦታ ተገኘላቸው።

አሁን የሚያማርራት የልጅቷ ክፍል አስተማሪ ነው። ባለፈው መተላለፊያው ላይ ይዟት፣ «እህቴ፣ ይህችን ልጅ አፏን ከፈትሽልን፤ የሚዘጋውስ በምንድን ነው?» አላት።

«እሱ እንኳ በሥራ መደቤ የለም» አለችውና እየሳቀች ወደ ክፍሏ አለፈች።