አሥራ ሁለት ቢጫ ሹራብ

ሱሉልታ ውስጥ ተማሪ ሆኖ ደጊቱን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ የሹራብ ማሽን ላይ ጎንበስ ብላ የከተማውን ልጆች ስታለብስ የኖረች ሴት ናት። ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ትእዛዝ ይልካሉ፤ እሷም እስከ መስከረም ድረስ የማሽኑን እጀታ ግራና ቀኝ ስትገፋ ትከርማለች። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ያለው በዚህ ነው። ቁጡ ናት፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ልጁን ለልኬት አምጥቶ «ሦስት ዓመት እንዲያገለግለው ሰፋ አድርጊው» የሚል አባት፣ «ልጅህ ድንኳን ነው?» ተብሎ ይሸኛል።

ዘንድሮ በነሐሴ መጀመሪያ ግን ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጃንጥላውን እያራገፈ ገባና ትእዛዙን ነገራት።

«ሁለት መቶ ሰማያዊ፣ እንደ ወትሮው። አሥራ ሁለት ደግሞ ቢጫ። ደማቅ ቢጫ ይሁን።»

«ቢጫው የማን ነው?»

«የልዩ ፍላጎት ክፍል ልጆች።»

ክፍሉ ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው። ግቢው ጥግ ላይ፣ ከአሮጌ ወንበር ማከማቻው ጎን አሥራ ሁለት ልጆች ይማሩበታል። ፊደል ዛሬ ይዞ ነገ የሚጠፋበት አለ፤ ጭራሽ የማይናገር አለ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ጠረጴዛ ሥር ካልሆነ አልቀመጥም የምትል አለች። መምህርታቸው ሄመን የምትባል ወጣት ናት፤ አንድ ራሷን አሥራ ሁለቱን ይዛለች።

ዳይሬክተሩ ምክንያቱን አስረዳ። በሰኔ ወር ሙአዊያ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእረፍት ሰዓት በበሩ ወጥቶ የጎጃም መንገድ መሐል ቆሞ ተገኝቷል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እግሩ ሥር ነው የቆመው።

«ዘበኛው በምን ይለያቸው? ግቢው ውስጥ አምስት መቶ ልጅ አለ። ቢጫ ካየ ይመልሳል፣ አለቀ። ለደህንነታቸው ነው፣ ወይዘሮ ደጊቱ። ቢጫዎቹን መቼ ታደርሺልን ይሆን?»

ቢጫዎቹ! ገና አንድ ዙር ክር ሳይገባ ልጆቹ ስም ወጥቶላቸዋል። ደጊቱ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ግን ሲኖትራኩ እውነት ነው፣ መንገዱም እውነት ነው። ጥርሷን ነክሳ «አንድ ሠርቼ ልየው» አለች። ያኔውኑ እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም።

በሳምንቱ የሙአዊያ እናት ሬሐና ልጇን ይዛ መጣች። ገበያው መግቢያ ላይ ቅመም የምትነግድ፣ ከሰኔ ወዲህ እንቅልፍ የራቃት ሴት ናት። ደጊቱ ልጁን እንዴት እንደምትለካ መምህርት ሄመን አስተምራታለች። ድንገት አይነኩትም። ሜትሩን መጀመሪያ በራሷ ክንድ ላይ ታሳየዋለች፣ ከዚያ እሱ ይይዘዋል፣ ከዚያ ወዴት እንደምትለካው እየነገረችው ትለካዋለች። ኮሌታው አንገቱን ከነካው ይጮኻል፤ ስለዚህ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጣለታለች። ይህን ሁሉ ለመማር ደጊቱን የፈጀባት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቢጫውን አለበሰችው። ሬሐና ራቅ ብላ አየችው።

«ከሩቅ ይታያል፣ አይደል?» አለች። ደስ ያላት አትመስልም።

«ይታያል።»

«እንግዲህ ይኼው ይጠብቀው። ዳቦ ገዝቼ ልምጣ፤ እይልኝ።»

ደጊቱ ልጁን ከጎኗ ፈንጠር ብሎ ባለ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እጀታውን ትገፋለች፣ ትመልሳለች። በዓይኗ ጥግ ቢጫው ይታያታል። አለ። ትገፋለች፣ ትመልሳለች። «ሙአዊያ፣ ደህና ነህ?» አለችው አንዴ። ወትሮም አይመልስምና ዝምታው አላሳሰባትም።

ሬሐና ዳቦውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «የታለ?»

«ያውልሽ...» ብላ ዞረች ደጊቱ።

ሹራቡ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተደርጓል። እጅጌዎቹ በግራና በቀኝ ተስተካክለው ወርደዋል፤ ቁልፉ እንኳን ተቆልፏል። ልጁ የለም።

ሁለቱም በዝናቡ ሮጡ። ሦስተኛው በር ላይ፣ ጎሚስታው ጋ፣ ሙአዊያ በካናቴራ ቆሞ የተገለበጠ የባጃጅ ጎማ ሲሽከረከር ያያል። ተረከዙ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ሬሐና ስታቅፈው አንገቱን ነካችውና ጮኸ። እሷም አለቀሰች። ደጊቱ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ድንጋጤው ሳይለቃት ንዴቱ መጣ፤ የመጣው ደግሞ ከሩቅ ነው።

ደጊቱ ስለ ወንድሟ ለማንም አውርታ አታውቅም። ዲሪርሳ ይባላል። ነገሩ የሆነው እሷ አሥር፣ እሱ ሰባት ዓመት ሳሉ፣ ከሱሉልታ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ቀበሌ ነው። አይናገርም፤ ዞር ሲሉ ይጠፋል። እሱን መጠበቅ የእሷ ሥራ ነበር፤ ሰለቻት። አንድ ቀን የጊደሯን ቃጭል ፈትታ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ሐሳቡ የማንም አልነበረም፤ የእሷ ነው። አባቷ «ጎበዝ!» ብሎ ራሷን ዳበሳት። የጎረቤት ልጆች እንደ ላም እየጮኹ ይከተሉት ጀመር፤ እሷ ግን ተገላገለች። ቃጭሉ እስከተሰማ ድረስ ዲሪርሳ አለ ማለት ነው።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ጀርባ ቃጭሉ ሲንቃጨል ዋለ። ደጊቱም ከጓደኞቿ ጋር ቅልብልቦሽ ስትጫወት ዋለች። አመሻሽ ላይ ልታስገባው ስትሄድ ቃጭሉ ጊደሯ አንገት ላይ ነበር። ዲሪርሳ ከራሱ ፈትቶ ለባለቤቷ ለጊደሯ መልሶላታል፤ ጠበቅ አድርጎም ቋጥሮላታል። ቋጠሮ መፍታት ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ከታች ተገኘ።

ደጊቱ ከጎማው ላይ ተነሳች። ሹራቡን ከወንበሩ ነጥቃ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

«ቢጫውን አልሠራም» አለች ዳይሬክተሩ ቢሮ እንደገባች። የሆነውን ነገረችው። የዲሪርሳን አልነገረችውም፤ ያን መስማት አይገባውም።

«ይገባኛል» አለ ዳይሬክተሩ። «ሹራቡን እንዳያወልቁ አጥብቀን እንነግራቸዋለን።»

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። እርስዎ ማለቷንም ተወች።

«ፀሐይ ሲወጣ ልጅ ሹራቡን ያወልቃል! አንተም ታወልቅ ነበር፤ የሠራሁልህ እኔ ነኝ፣ ወገብህ ላይ አስረኸው ነው ስትሮጥ የምትውለው! ከሰኔ እስከ ነሐሴ ምን ሠራችሁ? ከልጆቹ አንዱን እንኳን በሩ ድረስ ይዞ ሄዶ፣ በየቀኑ፣ ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ላይ እንቆማለን" ብሎ ያሳየ አለ? ለሄመን ረዳት ቀጠራችሁላት? ዘበኛህ አሥራ ሁለት ስም መያዝ አቅቶት ነው አሥራ ሁለት ልጅ ቀለም የምትቀቡት? እኔ አንድ ከሰዓት በቃኝ!»

«ቡራዩ ያሉት ሹራብ ሠሪዎች ጥያቄ አያበዙም» አለ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እየሰበሰበ።

«ውሰደው! ሁለት መቶውንም ውሰደው!»

ወሰደው። የዓመቱ ትልቁ ትእዛዝ ቡራዩ ሄደ፤ ቢጫውም አብሮ። ደጊቱ አንድ ሳምንት ያገኘችውን ሁሉ ስትገላምጥ ሰነበተች። ሬሐና ግን ከወላጅ ወላጅ እየዞረች፣ ያንን ወንበርና ያንን ሹራብ እየተረከች፣ ሁሉንም ከነልጆቻቸው ወደ ደጊቱ ቤት አመጣቻቸው። ደጊቱ የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ጠባይ እየጠየቀች ለካች፤ አሥራ ሁለት ሰማያዊ ሹራብም ሠራች፤ ልክ እንደሌላው ተማሪ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰማ ቢጫ ሳይለብስ የመጣ የልዩ ፍላጎት ተማሪ በር ላይ እንዲመለስ አዘዘ።

በጳጉሜ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ቦጂያ ደጊቱ በር ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፤ ካኪ ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ ደጊቱ።»

«ደህና። ምን ልታዘዝ?» እጇ ከማሽኑ አልተነሳም። ገና ስታያቸው ነው የተቆጣችው።

«ተሰድቤ ነው የመጣሁ። ቦጂያ አሥራ ሁለት ስም መያዝ አቃተው ብለሻል አሉ፤ ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል። እበሩ ላይ ከቆምኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስማቸው ይኼ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አለ? ና፣ ከልጆቹ ጋር ተዋወቅ ያለኝ አለ? ልጁ ወጣ ተብሎ የተጮኸው ግን በእኔ ላይ ነው።»

ደጊቱ እጇን ከማሽኑ አነሳች። እውነታቸውን ነው፤ እሷም ሳትጠይቅ ጮኻባቸዋለች።

«ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ሰማያዊ ለብሰው ከመጡ መልሳቸው ተብያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሰማያዊ ከለበሱ ደግሞ አላውቃቸውም፤ የትኞቹን ልመልስ? እንግዲህ መቃ ኢሳኒ ነት ሂሚ። ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ለመመለስ ነው?»

«ለማስገባት ነው እንጂ! ደግሞም እንዳይወጡ።»

አየቻቸው። ስሞቹን ሰጥታ ሰኞ ልጆቹ ከበር ቢመለሱ ጥፋቱ ዳግመኛ የእሷ ነው። ከዚያ ተነስታ ከመደርደሪያው አንድ ትልቅ ቢጫ ሹራብ አወጣች። የሙአዊያን ናሙና ተርትራ፣ በተረፈው ክር ላይ ጨምራ፣ በንዴት የሠራችው ነው፤ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ልትወረውረው አስባ ነበር።

«ይልበሱት። እርስዎ ነዎት ከሩቅ መታየት ያለብዎት። ልጅ ሲደናገር ወዴት እንደሚሮጥ ይወቅ።»

ኦቦ ቦጂያ በካኪው ላይ ደረቡት፤ ልካቸው ሆነ። ከዚያ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን አመልካች ጣታቸው ሥር አደረጉ፤ በአንጓ ሊቆጥሩ ነው፤ አራቱ ጣቶች አሥራ ሁለት አንጓ አላቸው።

«ሙአዊያ» አለች ደጊቱ። «አንገቱን እንዳይነኩት። ካጡት መጀመሪያ ጎሚስታው ጋ ይሂዱ። ሶያማ፤ ደወል ያስደነግጣታል፣ ሳይደውሉ በፊት ይንገሯት። አሪጅ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቃል በላይ አይንገሯት...»

እጀታውን እየገፋች ስም ትጠራለች፤ እሳቸው ስሙን ደግመው አንጓ ያልፋሉ። ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደጊቱ አንድ ስም ጨመረች። የኦቦ ቦጂያ አውራ ጣት ማረፊያ አጣ።

«አሥራ ሦስት ሆኑብኝ እኮ። ዲሪርሳ ያልሽው የትኛው ነው?»

ማሽኑ ቆመ።

«እሱ አይመጣም» አለች ደጊቱ። «ቢሆንም ይያዙልኝ። ቋጠሮ መፍታት ይችላል።»

ሽማግሌው ለአሥራ ሦስተኛው የሚሆን አንጓ ፈለጉ። ሲያጡ የግራ እጃቸውን ዘረጉ።