ሶፋው ከእሳቱ በላይ

አራት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ ትልቅ ሶፋ ተሸክመው የዳሞታን ተራራ ዳገት ሲወጡ ሳይ ያኔውኑ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። እንዲያውም «ቀስ በሉ፣ እግሩ እንዳይሰበር» አልኳቸው።

አሠልጣኛቸው እኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሶዶ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰደድ እሳት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅን ሳስተምር ሰነበትኩ። ትምህርቱ ሲጠቀለል ቀላል ነው፤ እሳት ዳገት ይወዳል። ክብሪት ለኩሼ አናቱን ወደ ታች በመዘቅዘቅ፣ ጣቴን እስኪለበልበኝ ድረስ አሳየኋቸው። ቀትር ላይ ነፋሱ ከቆላው ወደ ተራራው ይነሳል፣ ስለዚህ ከእሳት በላይ አትቁሙ፤ መሸሽ ካለባችሁ ወደተቃጠለው መሬት ግቡ፣ የነደደ ሣር ተመልሶ አይነድም። ከቤሌ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አለቃችን ከላይ ቁሙ ብሎ ቢያዝዘንስ?» ብላ ጠየቀች።

«እምቢ ማለት ነዋ!» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

የመጨረሻው ቀን የተግባር ልምምድ ነበር። ተራራው ላይ ደረቅ ሣር ያለበት ቦታ ለይተን፣ ዙሪያውን መንጥረን፣ እሳቱን በጠዋት ከላይኛው ጫፍ ለኩሰን ቀስ እያለ ወደ ታች እንዲወርድ ነበር ዕቅዴ። አንዱን ጥግ አቃጥለን እንደጨረስን ስልክ ተደወለ፤ የክብር እንግዳ ስለሚመጡ ሌላው ይቆይ ተባለ። ለካ እሳትም ያለ መክፈቻ ንግግር አይነድም። አጥፍተን ቁጭ አልን።

ቀጥሎ ከቢሮ የፕሮቶኮሉ ሰው ድንኳን፣ ሶፋና የላስቲክ አበባ አስጭኖ መጣ። የክብር እንግዳ ከሰው በታች አይቀመጥም፤ ስለዚህ ድንኳኑ ከሣሩ በላይ ተተከለ። እንግዳው ፊት ለፊት እንዲያዩትም እሳቱ ከታች ይለኮስ አለ።

«ነፋሱ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ነፋስ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለኝ። የምሩን ነው። እኔም «እሺ» አልኩ። ያቺን «እሺ» ዛሬም ሳስታውሳት ያመኛል።

እንግዳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ጸሎት ተደረገ፣ ንግግር ተጀመረ፣ እኔም በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ሠልጣኞቹ ከታች ለኮሱት። እሳቱ መጀመሪያ ተንፏቀቀ፣ ከዚያ ቀና አለ፣ ከዚያ የመነጠርነውን ዘልሎ ሽቅብ ሮጠ። ጭሱ ድንኳኑን ሞላው። እንግዳው እያሳሉ ሁለተኛውን ገጽ ገለጡ። እሳቸው ካልተነሱ ማን ይነሳል? የተጠራው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተተክሎ እንባውን እየጠረገ ያዳምጣል። ሰው ሊቃጠል ነው፣ እኔ ግን የማስበው የትልቅ ሰው ንግግር ማቋረጥ ነውር መሆኑን ነበር።

የቤሌዋ ሠልጣኝ ሮጣ ገባች። «ይቅርታ አባቴ፣ እሳት መጣች!» አለችና ወረቀቱን ከእጃቸው መንትፋ፣ በጠዋት ወዳቃጠልነው ጥቁር መሬት ፈረጠጠች። እንግዳው «ንግግሬን!» እያሉ ተከተሏት። የፕሮቶኮሉ ሰው እንግዳውን ተከተለ፤ ሰዉም የፕሮቶኮሉን ሰው። እንደዚያ ሥርዓት የጠበቀ ሽሽት አይቼ አላውቅም፤ በማዕረግ ቅደም ተከተል ነው የሸሸነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ዞር ስል ድንኳኑ ይነዳል፣ ሶፋውም ተያይዟል። እሳቱ ከላይ ካለው የመኪና መንገድ ሲደርስ ደከመ፣ ሠልጣኞቹም ተረባርበው አጠፉት።

እንግዳው አመዱን ከሱሪያቸው አራግፈው ወረቀታቸውን ከልጅቷ ተቀበሉና የቀረውን እዚያው ቆመው አነበቡ። ሲጨርሱ፣ ሥልጠናው በተግባር የታየ ውጤት ማምጣቱን ተናግረው አሠልጣኙን ለይተው አመሰገኑ። ጨበጡኝ፤ ፎቶ ተነሳን። እሷ ከሰዉ ኋላ ቆማ፣ ቅንድቧ ተለብልቦ፣ ከልቧ ታጨበጭብልኛለች። ያዳነችን እሷ ናት ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ «አመሰግናለሁ፣ ክቡርነትዎ» አልኩ።