ቄሱ ያላቀረቡት ገለጻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው በላይ በሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ፣ ተማሪዎቼ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ብቻ ቆመዋል። የቆሙት ቄስ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ያነጋገሯትን ባለጉዳይ ችግርና የሰጧትን እርዳታ፣ ስሟን ሳይጠሩ፣ ለእኛ መግለጽ ነበረባቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «የምለው የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

ትምህርቱ የሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የምክር ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን፣ ሥነ ልቦናን ከሃይማኖታዊ ሕይወት ሳይነጥል የሚያስተምር። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የተግባር ልምምዱን እንድቆጣጠር ተጠርቼ ነበር። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ስማር፣ ስለ ነፍስ ማንሣት እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጠር ነበርና፣ ይህ ትምህርት በሀገሬ ሲከፈት በማየቴ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ተስፋዬን ከሁሉ አብልጬ የጣልሁት ደግሞ በእኒህ ቄስ ላይ ነበር። ከጋፋት ማዶ ባለች ደብር ያገለግላሉ፤ የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ለምን ለመማር እንደመጡ ስጠይቃቸው፣ ሕመሙን መላው መንደር ያውቀው የነበረ የአንድ ጎረቤታቸውን ታሪክ አጫወቱኝ። ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ ሲንከራተት ጠበል እንዲጠመቅ መከሩት፤ ሌላም እርዳታ ያስፈልገው እንደነበር የተረዱት ግን ከቀበሩት በኋላ ነው። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሰው በእጄ እንዳይጠፋ ብዬ ነው የመጣሁ» አሉኝ።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ከእብናት የምትመላለስ ነርስ፣ ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ ሴትዮዋ ሳትናገር ወጣች እንዴ?»

«ኧረ ብዙ ተናገረች።»

«ታዲያ ምነው እርስዎ ዝም አሉን?»

«ገና ስትገባ መስቀል ስጡኝ አለች፤ ተሳለመች። ‹አባቴ ይፍቱኝ› ብላ ነው የጀመረች።» እጃቸውን ዘረጉ። «ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የኔ አይደለም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ከበደኝም። የንስሐ አባት የሰማውን ለማንም አይናገርም፤ ስም ቢጠራም ባይጠራም ያው ነው። ጀማሪ መካሪ ደግሞ ሥራውን በመምህሩና በባልደረቦቹ ፊት ካልገለጠ፣ ስሕተቱን የሚያይለት ሰው የለም። ቢያንስ አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላቀረበ ተማሪ አይመረቅም።

ከክፍል ስንወጣ ግቢው ውስጥ ይዣቸው ቆምሁ። «አባ፣ መስቀሉን ለልምምዱ ቀን ቤትዎ ትተውት ቢመጡስ?»

«የኔታ፣ መስቀሉን ብተወው ፊቴን የት ልተወው? ትናንት ጥምጥሜን አውልቄ በኮት ብመጣ፣ አንዲት እናት መንገድ ላይ ‹ምነው አባ፣ ታመው ሰነበቱ?› አሉኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የሐሙሲትን ከተማ አሰብሁ፤ እዚያ ከሚያውቃቸው የማያውቃቸው ይበዛል። በአንድ ወዳጄ ክሊኒክ ውስጥ ክፍል ለመንሁላቸውና በየገበያው ቀን በሚኒባስ ይመላለሱ ጀመር። የመጀመሪያው ባለጉዳያቸው ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ መሆናቸውን ስሰማ፣ መላው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። መስቀል የሚሳለም የለም፤ ገለጻውም ይቀርባል።

ገለጻው በሚቀርብበት ዋዜማ ግን ቄሱ ቤቴ መጡ። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ሰውየው ቄስ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት አይሆንልኝም፤ ነኝ አልኋቸው። ‹እንግዲያ ደግ፤ ለወገንዎ እንደሚጠብቁ ለኔም ይጠብቁልኝ፤ አደራ፣ አማና ነው› አሉ።»

«ከመምህሬ ጋር እመካከርበታለሁ ብለው መንገር እኮ የልምምዱ ደንብ ነው።»

«ነገርኋቸው። ‹እንግዲያ ልሂድ› ብለው ተነሡ። ምን ላድርግ፣ የኔታ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን አውቀዋለሁ። ይቀመጡ፣ እሺ፣ ለማንም አልናገርም አልኋ!»

«እየተሻላቸው ነው?»

ፈገግ አሉ። «ይኸም ከአማናው ውስጥ ነው።»

መምህራኑ ሲሰበሰቡ ተከራከርሁላቸው። ባልደረቦቻቸው ባለጉዳይ መስለው ይቅረቡና በዚያ ይመዘኑ አልሁ። ሕመም የሚያስመስልና የታመመ ሰው አንድ አይደሉም ተባልሁ፤ ልክ ነበሩ። ማንም ሳያያቸው የሚመክሩ ሰዎች፣ የሚያቆስሉትን እየፈወሱ ሲመስላቸው በረዥም የሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ቄሱ ደንቡን እስኪያሟሉ ልምምዳቸው ይቁም በሚለው ውሳኔ ላይ እኔም ፈረምሁ። ዛሬም ብጠየቅ እፈርማለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ውሳኔ ቢሆን ኖሮ ማረም ይቻል ነበር። ትምህርቱን የከፈትነው ሕዝቡ ጭንቁን ይዞ የሚሄድባቸው ሰዎች እንዲማሩት ብለን ነበር፤ ያበጀነው በር ግን ለእነርሱው ጠበበ።

ውሳኔውን ራሴ ነገርኋቸው፤ የክሊኒኩንም ቁልፍ ተቀበልኋቸው። አልተቆጡም። «የሐሙሲቱን ሰውዬ ማን ይስማቸው?» ብቻ አሉኝ። ሌላ ባለሙያ እንመድባለን አልሁ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ነጋዴው ለሌላ ሰው አፋቸውን እንደማይከፍቱ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ነርሷ ተመርቃ እዚሁ ከተማ ቢሮ ከፍታለች። ባለፈው ሰሞን አግኝቻት ሥራ እንዴት ነው ብላት፣ «ምን ሥራ አለ፣ ጋሼ! ሰዉ ደጄ ላይ ቆሞ የአባን ደብር መንገድ ይጠይቀኛል። እኔም ለዚህ ተመርቄ አሳያለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ይህን እስከጻፍሁበት ጊዜ ድረስ ኮሌጁ ደንቡን እንደገና አልመረመረውም። የተመደበው ባለሙያ ሐሙሲት ሄዶ ነበር፤ ነጋዴው አልመጡም፤ አሁን እንዴት እንዳሉም አላውቅም። የቄሱ ስም ከተማሪዎች መዝገብ አልተሰረዘም፤ አልተመረቁምም።