ከመጋረጃው ኋላ ሃያ ስምንት ዓመት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ስንት ክንድ ቦታ ይበቃዋል? አንዳንዱን አገር አይበቃውም ይባላል። የዚህች መምህርት ዕድሜ ግን በቁም ሳጥንና በግድግዳ መካከል ባለች፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍባት ክፍተት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ትርፍ ቦታም ሳይተርፈው አይቀርም። ሃያ ስምንት ዓመት፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር፣ እዚያች ውስጥ ተንበርክካ ቴአትር ለሚሠሩ ሕፃናት ቃል ስታቀብል ኖራለች። ባልደረቦቿ «እትዬ መጋረጃ» ይሏታል፤ ያውም ፊት ለፊቷ።

ሕፃናት ክፍል የገባችው ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ፣ ማንበብ ወደሚችሉትና መምህር ወደሚሞግቱት ልትዛወር ነበር ሐሳቧ። ባመለከተች ቁጥር የሚመጣላት መልስ ግን አንድ ነው፤ «ለሕፃናት እንዳንቺ ያለ ከየት ይገኛል?» ስድብ ቢሆን ኖሮ ትጣላው ነበር። ምስጋናን ግን ምን ብለው ይጣሉታል? በሰንሰለት የታሰረ ሰው ቢያንስ ሰንሰለቱን ያየዋል። በሙገሳ የታሰረ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ራሱ ገብቶ ይቀመጣል።

ቴአትሩም በየዓመቱ ያው ነው፤ ዝናብ የጠፋበት ጫካ። አንበሳ አለ፣ ጥንቸል አለች፣ ኤሊ አለች፣ ሁለት ዛፎች አሉ፤ በመጨረሻ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ዝናብ ይመጣል። ልጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ ቃላቸውን የሚይዙት ከከንፈሯ ነው። እሷ ከመጋረጃው ጥግ አንገቷን ብቅ አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ እነሱ ይናገራሉ። አንድ ዓመት በልምምዱ ሰሞን ጉንፋን ይዟት ከቃል በፊት ሁሉ ስትስል፣ በዝግጅቱ ቀን አንበሳውም፣ ጥንቸሏም፣ ዛፎቹም ሳይቀሩ እየሳሉ ተናገሩ። ወላጆች በሳቅ ፈረሱ። እሷ የሰማችው ሳቁን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን የነገሯት በማግሥቱ ነበር።

አዎ፣ ያን ቴአትር ከፊት ለፊት አይታው አታውቅም። አንበሳን በጭራው፣ ጥንቸልን በማጅራቷ፣ ዛፎቹን ባልታሰረ የጫማ ክራቸው ነው የምታውቃቸው። ዘንድሮ ጡረታ ልትወጣ ነው። እናም አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ልታየው ቆረጠች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የጫካው ጆሮና ጭራ ሁሉ የሚሰፋው በእሱ መኪና ነው።

«አንቺ ሴት፣ ዘንድሮም ጭራ? ሱሪውን የሚጠብቅ ሰው በር ላይ ቆሞ እየረገመኝ!»

«የመጨረሻው ነው። ዘንድሮ እኔም ከወላጆች ጋር ተቀምጬ አያለሁ።»

መኪናውን አቆመ። «ታዲያ ማን ያቀብላቸዋል?»

«እርስ በርሳቸው።»

«እንዴታ! ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል አሉ» አለና ጭራውን መስፋት ቀጠለ።

ከዓመቱ አጋማሽ ጀምራ ለፋች። ቃሉን የጨረሰ ልጅ የቀጣዩን ትከሻ እንዲነካ አለማመደቻቸው። አፏን በደብተር ሸፍና እዚያው መጋረጃው ጥግ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሳምንት ጭር ያለ ነበር። ጥንቸሏ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እትዬ፣ አፍሽ የት ሄደ?» አለቻት። ደብተሩን ልታነሳ ቃጣት፤ አላነሳችም። ያዳነቻቸው ኤሊዋ ናት፣ የዘበኛው ልጅ። አንበሳው ዝም ሲል ትከሻውን በጥፊ አቃጠለችው።

«አንተ፣ ያንተ ተራ ነው እኮ! አንበሳ አይደለህ እንዴ? ምን ያፈዝሃል?»

አንበሳው አገሳ። ወሩ ሳያልቅ ጫካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ እሷ ከንፈር መናገር ጀመረ።

በዋዜማው ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ሊያይ መጣ። በዕድሜ ልጇ ቢሆን ነው። ልጆቹ አንድ ጊዜ ሠርተው አሳዩት፤ እሷ ከጎን፣ በሩ ላይ ቆማ እሱን ስታስረዳው ግማሹ አለፋት።

«እንግዲህ ያለ እኔ ይችላሉ» አለችው። «ነገ አንዲት ወንበር ስጠኝ፤ ከኋላ ረድፍም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ጎበዞች ናቸው፣ አይካድም። ግን እትዬ፣ ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ከልጆቹ አንዱ ድንገት ቢያለቅስስ? ለማንኛውም እርስዎ ከኋላ ይሁኑልኝ። እዚያ መኖርዎን ካወቅሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«እኔንስ?»

ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ።

በማግሥቱ ክፍተቷ ውስጥ ገባች። መጋረጃው ሁለት አንሶላ ነው፣ አንገት ብቻ ከምታሳልፍ ጥግ በቀር ግራና ቀኙ በሚስማር የተመታ። በሩ በወዲያኛው ጥግ ስለሆነ ለመውጣት ጫካውን መሐል ለመሐል ማቋረጥ ያስፈልጋል። ጨዋታው ተጀመረ። አንዳቸውም ዞሮ አላያትም። ከንፈሯ ከልማድ ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ሰው ስለሚያስፈልግ ይታሰራል ብላ ታምን ነበር። አሁን ገባት፤ ሳያስፈልግም «ለማንኛውም» ተብሎ ይታሰራል፤ የዚህኛው እስር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ድንገት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጭብጨባ ተከተለ። አንዲት ሴት «ወይኔ የኔ እናት!» ስትል ተሰማ። ምን ሆነ? ዓይኗን አንሶላው ስፌት ላይ ደቀነች፤ ብርሃን ብቻ አየች። በጥጉ በኩል የኤሊዋ ጀርባ ብቻ ይታያል፣ የአንበሳው ጭራ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁ አሁንም አልቆመም።

ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን ይዞ ወጣ። እሷ ጉልበቷን በሁለት እጇ እየደገፈች ከክፍተቱ ወጣች። ዘበኛው ወንበር እየደራረበ ነበር።

«ምን ነበር እንዲህ ያሳቃቸው?»

«ውይ እትዬ! ያቺ የኔዋ ጉድ እኮ…» ሳቁ መልሶ ያዘው። ዓይኑን ጠራረገ። «አይ፣ ይሄ በወሬ አይሆንም። ማየት ነበረብዎት!»

ካልተነሱት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ እየፈቱ፣ ሹራብ እያለበሱ ነው።

«እባካችሁ፣ አንዴ ይድገሙት» አለች። «ለእኔ። አሥር ደቂቃም አይሞላም።»

«ደክሟቸዋል እኮ እትዬ» አለች የአንበሳው እናት፣ በፍቅር። «ደግሞ የእርስዎን ሥራ ለእርስዎ ማሳየት ምን ያደርጋል?»

ሌሎቹም ሳቁ፤ ከክፉ ልብ አልነበረም። አንበሳው አንድ እጁ ሹራብ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ አያት፤ እናቱ ሁለተኛውን አስገባችለት። ዘበኛው እሷ የተቀመጠችበትን ወንበር መደገፊያ ይዞ በትሕትና ይጠብቃል። ያኔ ዝቅ ባለ ድምፅ የመጨረሻውን ጠየቀች፤ የፈጸመላት ግን አልነበረም፤

«እንግዲያው ሁሉንም ይቅር። ኤሊዋ የአንበሳውን ትከሻ ስትነካው ብቻ፣ ፊቱን ልየው።»