ሰላምታ ያስረዘመው ማራቶን

እኔ ስህተት አይቼ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ቡታጅራ ላይ ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼም አልተወኝም። ልጆቼ "አባዬ የሰርግ መጥሪያ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው የፊደል ግድፈቱን ነው" እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው፤ ምን ላድርግ!

የከተማችን ማራቶን ሲጀመር እንግዲህ መንገዱን ለክተህ ና የተባልኩት እኔ ነኝ። ማራቶን የምንለው እኛው ነን እንጂ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። መስቀል ሰሞን፣ አገሬው ከአዲስ አበባ ለበዓል ሲገባ፣ እየተሳሳቀ የሚሮጠው ሩጫ ነው። ያኔ መለኪያ የሚባል ነገር የት አለና! ኮሚቴው የሰጠኝ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ጋሪ ብቻ ነው።

ባለጋሪው የመስቃን ሰው ነው። እኩያዬ ነው፣ ግን እንደኔ ነገረኛ አይደለም፤ ፈረሱን እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም። የጋሪውን ጎማ ዙሪያውን ለካሁት፣ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት፣ ስንት ጊዜ ቢዞር አሥር ኪሎ ሜትር እንደሚሞላ አሰላሁ። እሱ ጨርቋ ከላይ ብቅ ባለች ቁጥር ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ መቶ ሲል እኔ ደብተሬ ላይ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። በጠዋት ከመናኸሪያው ተነሳን።

ሰው ባይኖር ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። እዚህ አገር ግን ሰላምታ እጅ አውለብልበው የሚያልፉት ነገር አይደለም። "አሰላሙ አለይኩም" የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ጋሪው ይቆማል፤ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ እንሰቱ ይጠየቃል፣ በርበሬው እንዴት እንደያዘ ይጠየቃል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እቃጠላለሁ። "ኧረ በፈጠረህ እንሂድ!" ስለው፣ "መምህር፣ ሰው እኮ ነው" ይለኛል።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ የመጨረሻዋ መቶ ልትሞላ ስትል፣ ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ አስቆሙት። ተጠያየቁ፣ ተመራረቁ፣ እንደገና ተጠያየቁ። በመጨረሻ ሲለያዩ "ስንት ላይ ነበርን?" አልኩት። ፈረሱን አየ፤ ደግሞ መንገዱን አየ።

"ጠፋኝ መምህር።"

ጠፋኝ! እኔም በንዴት ቁጥሩን ጥዬዋለሁ። ተመልሰን ከመናኸሪያው እንዳንጀምር ፀሐዩ አናት ይበሳል። "መቶዋን ብቻ እንደ አዲስ እንቁጠራት" አለ፤ እያጉረመረምኩ እሺ አልኩ። ከዚያው ጀምረን ስንቆጥር መቶዋ የሞላችው ወፍጮ ቤቱን አልፈን፣ ኩርባውን ዞረን፣ በራሱ በባለጋሪው ደጅ ላይ ሆነ። በኖራ አሰመርነው፤ መድረሻው እዚያ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማይክሮፎኑን ስይዝ ይህቺን ነገር ሳላወራ አልውልም። "ሰላምታ ያስረዘመው ማራቶን" እያልኩ ሕዝቡን አስቃለሁ። እሱም አንገቱን ደፍቶ አብሮ ይስቃል።

ሚስቱ ቀድሞ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ገበያ በእግሯ ሄዳ በእግሯ የምትመለስ፣ ጋሪው ላይ ውጪ ሲላት "ለፈረሱ እዘንለት" የምትል ሴት። ማራቶኑ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ክረምት ወገቧን ታመመችና እግሯ እምቢ አለ። ጋሪ ያንገጫግጫታል፤ ሰው ተሸክሟት መሄድ ደግሞ ለሷ ከሞት አይተናነስም። ስለዚህ ከደጇ አታልፍም። በዓመት አንድ ቀን ግን ከተማው ራሱ እየሮጠ ይመጣላታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ውሃ በጆግ ይዛ፣ "ማሻአላህ! አንተ ረጅሙ፣ ያን ቁመት ለምን ይዘኸው ትዞራለህ፣ ሩጥ እንጂ!" ትላለች። የመጨረሻውን ሯጭ ከሁሉም አብልጣ ትመርቀዋለች። የዚያችን ቀን ወሬ እስከ ከርሞ ታወራዋለች። ባሏንም ትፎግረዋለች፤ "መቶ መቁጠር ያቃተው ባል አለኝ" እያለች።

ዘንድሮ ከወልቂጤ አንድ ወጣት ባለሙያ ዘመናዊ መለኪያ ይዞ መጣና መንገዱን ለካው። "መምህር፣ ረዝሟል" አለኝ በአክብሮት። ስቀልድበት የኖርኩት ነገር ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ኮሚቴው መድረሻው ወፍጮ ቤቱ ጋ ይሁን አለ፤ እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለመድረክም ይመቻል። ስህተት ነውና ይታረም ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ እሷ አላሰብኩም። እውነቱ ይኸው ነው።

ለባለጋሪው የምነግረውም እኔው ሆንኩ። ለፈረሱ ሳር ሲያቀርብ አገኘሁትና ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ እጄን ይዞ ከግቢው አወጣኝ።

"ዘጠና ሰባት ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"ያኔ ጠፋኝ ያልኩህ። ዘጠና ሰባት ላይ ነበርን። ሦስት ዙር ነበር የቀረን፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያልቅ ነበር።" ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየ። "የዚያን ዕለት ስወጣ 'ሩጫው በየት ነው የሚያልፈው? እኔም አየው ይሆን?' አለችኝ። ምን ልበላት? አላህን ምሕረት ጠይቄዋለሁ። አንተን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፤ አፉ በለኝ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ቀጥሎ ግን ያ ሁሉ ማይክሮፎን ትዝ አለኝ። በየዓመቱ ሕዝብ ፊት መቀለጃ ሳደርገው አንድ ቃል አልተነፈሰም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ወደ ኮሚቴው ተመለስኩ። "መድረሻው አይነካም። መነሻውን ከመናኸሪያው አልፈን ወደፊት እንግፋው" አልኩ። ባነሩ ታትሟል፣ የእንግዶች ድንኳን ቦታ ተይዟል፣ ምናምን ተባለ። ጠረጴዛ መታሁ። ያ የወልቂጤ ልጅ ቀስ ብሎ "ልኩ እኮ ያው ነው" ባይል ኖሮ ተጣልቼ እወጣ ነበር። ተስማሙ።

በሩጫው ዕለት አግዳሚዋ ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ ደጇ ተሰብስቦ፣ እኔም ማይክሮፎኔን ይዤ ቆሜ ሳለ ጮክ ብላ ጠራችኝ።

"መምህር! ዘንድሮ ልኩ ተስተካከለ አሉ። ይሄ ባሌ የጣለውን ቁጥር ማን አገኘው?"

ሰዉ ሳቀ። ባለጋሪው እንዳልሰማ ሆኖ የፈረሱን ልጓም ያስተካክላል። ዘጠና ሰባት የምትለዋ አፌ ድረስ መጣች።

"እሱ አልጣለም" አልኩ በማይክሮፎኑ። "እሱ በደንብ ቆጥሯል። የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ደብተሬ ላይ አንድ ጭረት ዘልያለሁ።"

ተማሪዎቼ የነበሩ ሁሉ "ውይ መምህር!" ብለው ጮሁ። ባለጋሪው ቀና ብሎ አየኝ።

"ወይ ጉድ!" አለች እሷ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ሰውዬዬን በከንቱ!" ከዚያ ለመጀመሪያው ሯጭ የቀዳችውን ውሃ አንስታ "ና እስኪ አንተ፣ ጠጣ" ብላ ለባሏ ሰጠችው።