ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማይነሳው ስልክ

የዚያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ፣ ጎረቤቴና አከራያችን ነን። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ምሳዋን በልታ ወለሉ ላይ ጋደም ብላለች። ጎረቤቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ ያገሬ ሴት ናት፤ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር እኔ ዘንድ መጥታለች። አከራያችን የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ እማማ እንላቸዋለን። የእኔ በር ላይ ጥላ ስለሚወድቅ የከሰዓቱ፣ የአስር ሶላታቸው እስኪደርስ ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጣሉ። ሌላ ማንም አልነበረም። ስልኩ ሲጮኽ ሁላችንም ሰምተናል።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ የጋዙን መዝጊያ ነክቼ እወጣለሁ፤ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ተመልሼ እነካዋለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መኪና፣ ጎርፍ፣ ክፉ ሰው፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ይመጣል። ድሮም እጸልይ ነበር፤ ነገር ግን የምጸልየው ሲጨንቀኝ ብቻ ነው። ሲቀለኝ እረሳዋለሁ።

ይህን ያስተዋለችው አምቡሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖር ልጅ ናት። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጭንቀቴን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ እግዚአብሔርን የሚጠሩት እንደ አምቡላንስ ነው። ሳይታመሙም ይጥሩት እንጂ!»

ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል አለችኝ። ጠዋት እንደተነሳሁ፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያም አሥራ ሁለት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። በዚህ ከአገራችን ድንበር ማዶ ባለ የወደብ ከተማ ደግሞ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ አልጋ ላይ የሚጥልበት ሰዓት ነው፤ አሠሪዎቹ ማዳሞች ሲተኙ ሠራተኞች ትንሽ ይተነፍሳሉ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ውዳሴ ማርያምን ሳነብ ፊደል ስፈልግ ሰዓቱ ያልፋል። እሷ በቃል የሚያዘውን ሰጠችኝ፤ አባታችን ሆይ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ከዚያ አርባ አንድ እግዚኦ፣ እሱንም በጣት አንጓ እየቆጠሩ። ሥራ ላይ ስሆን ደግሞ አጭር አጭሩን፤ ሽንኩርት ስከትፍም፣ ድስት ስፈትግም «ጌታ ሆይ፣ አስበኝ» ማለትን።

እንዳልረሳ ብላ ሚስኮል ጀመረች። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ጊዜ ታስጮኸዋለች፤ «ቆሜያለሁ፣ ይቁሙ» ማለት ነው። እኔ ወዲያው እዘጋዋለሁ፤ «ሰማሁ» ማለት ነው። ስልኩ አይነሳም፣ ማውራት የለም፤ ማዳሟ ትነቃባታለች። እኔም አብራኝ የምትቆመው ጎረቤቴም መልሰን አንደውልም፤ በእንቅልፍ ሰዓት ስልኳ ከጮኸ ይወሰድባታል። እማማ በዚህ ይስቁብን ነበር።

«የእናንተ ሙአዚን ስልክ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው?»

ቢሆንም ለመደብኝ። ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ድንጋይ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ቀለል ማለት ጀመረ።

የዚያን ዕለት ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሰፈራችንን ዋራበሌን ሸፍኖታል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ስልኩ ጮኸ። ሰዓቱ ገና ትንሽ ይቀረዋል ብዬ አሰብኩና እንደ ልማዴ ዘጋሁት። ከጎረቤቴ ጋር ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ምሥራቅ፣ የውሃው በርሜል ወዳለበት ዞረን ቆምን።

እግዚኦ እያልን ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ልጄ ቀና ብላ አየችው።

«እማዬ፣ እሷ ናት።»

ተይው ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። አውራ ጣቴ አንጓዬ ላይ ነው፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ስልኩ ግን አላቆመም።

«ልጅቷ እየደወለች ነው፣ አንሺው እንጂ!» አሉ እማማ ከበሩ ላይ።

«እጇ ነክቶት ነው፣ እማማ» አለች ጎረቤቴ ሳትዞር፣ በሹክሹክታ።

«ወላሂ፣ እጅ ይህን ያህል አይነካም!»

ጮኾ ጮኾ ተቋረጠ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። እኛ ቁጥራችንን ሞልተን ሰገድን።

ነጠላዬን አወረድኩ። እማማ «ደውዪ» አሉኝ። ጎረቤቴ «ማዳሟ ብትሰማስ? ከሥራ ታስባርሪያታለሽ?» አለች። እኔም የማዳሟ ቁጣ በዓይኔ መጣብኝና ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚስኮሏን ጠበቅሁ። አልመጣም። ያን ጊዜ ደወልኩ። ስልኳ ተዘግቷል።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ በሚኒባስ አምቡሊ ሄድን። የማዳሟ ቤት ዘበኛ የሚናገረው ሱማሌኛ ነው፤ ልጄ ቋንቋውን ሰፈር ውስጥ ለምዳዋለችና አስተረጎመችልኝ።

«ማዳሟ ትናንት ከምሳ በኋላ አስወጥታታለች ይላል።»

«ለምን?»

«አላውቅም ይላል።»

«ወዴት ሄደች በይው።»

ልጄ ብዙ አዳመጠችው። ከዚያ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየች ተናገረች። «በሩ ፊት ቆማ ስልክ ትደውል ነበር ይላል። ውሃ ሰጥቷታል። ወደ ጥላው እንድትገባ ሲነግራት እምቢ አለች። የሚወስደኝ ሰው ይመጣል፣ እንዳያጣኝ አለችው ይላል። በኋላ ወደ ፔካ 12 በሚሄድ መኪና ተሳፈረች።»

የመጀመሪያው ጥሪም ለጸሎት አልነበረም ማለት ነው። እኔ ሰማሁ ብዬ ዘጋሁባት፤ እሷም ሰምተውኛል ብላ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ከዚያው በከተማው መውጫ ወዳለው ፔካ 12 ወረድን። የጭነት መኪኖቹ ወደ አገራችን መንገድ ተሰልፈዋል። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ «እናቴ፣ እኛ ሰው አንጭንም» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ሻይ የምትሸጥ ሴት ሻንጣ የያዘች ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ እንደነበር፣ ወደ ድንበር የሚሄድ መኪና እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ሌላዋ ደግሞ «የለም፣ ከአንዲት ሴት ጋር ወደ ከተማ ተመለሰች» አለች። የትኛዋን እንደማምን አላወቅሁም። ልጄ እጄን አጥብቃ ይዛ «እማዬ፣ ብናነሳው ኖሮ እግዚአብሔር ይቆጣን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ ግዢልኝ ብዬ ላክኋት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም ሴቶች አዳረስኩ። ያያት የለም። ቄሱን ጠየቅሁ፤ እሳቸው የነገሩኝ እማማ አስቀድመው በር ላይ ቁጭ ብለው ከነገሩኝ የተለየ አልነበረም፤ እማማ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ «እኛም ሶላት ላይ ሆነን ሕፃን ወደ እሳት ሲሄድ ካየን እናቋርጣለን። ሕፃኑን ይዘን ደግሞ ከመጀመሪያው እንቆማለን። አላህ የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቆማለሁ። ያስተማረችኝን መተው ሁለተኛ ጊዜ እሷን መዝጋት ይመስለኛል። ግን ቁጥሩ አይሞላልኝም፤ መሐል ላይ ስሟን እጠራና ከየት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። እንደገና እጀምራለሁ። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ልጅቷ ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ስትናገር ፈጠን የምትል ናት። ጥቁር ማተብ ታስራለች፤ በዕድሜ ከእሷ ከፍ ያለችውን ሴት ሁሉ «እትዬ» ትላለች። የያዘችው አንድ ሻንጣ ነው። ስሟን ያልጻፍኩት ችግር እንዳይመጣባት ፈርቼ ነው። ከፔካ 12 ወዲህ፣ በመንገዱም ሆነ በድንበሩ፣ በከተማውም ሆነ በሰው ቤት ያያት ካለ፣ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።